ሻፍት ኢን አፍሪካ

ሻፍት ኢን አፍሪካ (በአማርኛ «ሻፍት በአፍሪካ») በሰኔ 1965 ዓ.ም. (1973 እ.ኤ.አ.) ለዕይታ የበቃ የአሜሪካ አክሽንና የስለላ ፊልም ነው። በኒው ዮርክ የሚኖር ጆን ሻፍት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የግል መርማሪ ማንነቱን ለውጦ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል፤ ወጣት አፍሪካውያንን በሥራ ስም ወደ ፓሪስ እያጓጓዘ በባርነት የሚያሠራ ቡድንም ያድናል። ፊልሙ «ሻፍት» በሚል ስም ከተሠሩት የመጀመሪያ ሦስት ፊልሞች የመጨረሻው ሲሆን፣ ከፊሉ የተቀረጸው በአዲስ አበባ፣ በሐረርና በምጽዋ ነው። አንጋፋው ኢትዮጵያዊ ተዋናይ ደበበ እሸቱ «ዋሳ» የተባለውን ገጸ ባህርይ ተጫውቷል።

ፊልሙ በአለባበሱ፣ በሙዚቃውና በመልክዓ ምድሩ ውበት እንጂ በታሪኩ ጥንካሬ አይታወቅም። ያም ሆኖ በዋና ጉዳይነት ያነሣው የሰዎች ዝውውር ዛሬም በኢትዮጵያ ያልተቋጨ ነገር በመሆኑ፣ ኢትዮጵያውያን ተመልካቾች ፊልሙን ከመዝናኛነቱ ባሻገር የሚያዩበት ምክንያት አላቸው።

ዋና ዋና መረጃዎች

አዘጋጅ፦ ጆን ጊለርሚን
ደራሲ፦ ስተርሊንግ ሲሊፋንት (በኧርነስት ታይዲማን ገጸ ባህርይ ላይ ተመሥርቶ)
ፕሮዲውሰር፦ ሮጀር ሉዊስ
መሪ ተዋንያን፦ ሪቻርድ ራውንድትሪ፣ ፍራንክ ፊንሌይ፣ ቮኔታ ማጊ
የካሜራ ባለሙያ፦ ማርሴል ግሪኞን
ሙዚቃ፦ ጆኒ ፔት
አሠራጭ ኩባንያ፦ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር
ርዝመት፦ 112 ደቂቃ
ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ

መነሻ

ጆን ሻፍት መጀመሪያ የተፈጠረው ኧርነስት ታይዲማን በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጎርደን ፓርክስ ልብ ወለዱን ወደ ፊልም ለወጠው። «ሻፍት» የተባለው ይህ የመጀመሪያ ፊልም በዝቅተኛ በጀት ተሠርቶ ከፍተኛ ገቢ አስገኘ፤ አይዛክ ሄይስ ለፊልሙ የደረሰው የመክፈቻ ዘፈንም የኦስካር ሽልማት አገኘ። ቆዳ ካፖርት ለብሶ በኒው ዮርክ ጎዳና በልበ ሙሉነት የሚራመደው መርማሪ ለብዙ ጥቁር አሜሪካውያን አዲስ ምስል ነበር። እስከዚያ ድረስ በሆሊውድ ፊልሞች ውስጥ ጥቁር ተዋናይ በአብዛኛው አገልጋይ፣ አጃቢ ወይም ተበዳይ ሆኖ ነበር የሚታየው።

የዚህ ፊልም ስኬት «ብላክስፕሎይቴሽን» ለተባለው የፊልም ዘርፍ በር ከፈተ። ስሙ «ጥቁር» እና «ብዝበዛ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አጣምሮ የተሠራ ሲሆን፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የትችት ስም ነበር። ተቺዎቹ ፊልሞቹ የጥቁር ተመልካችን ገንዘብ እየሰበሰቡ ጥቁሮችን በወንጀለኝነትና በአመፀኝነት ይስላሉ ብለው ተከራከሩ። በ1972 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ፊልም «ሻፍትስ ቢግ ስኮር» ወጣ። በሦስተኛው ላይ ስቱዲዮው ጀግናውን ከኒው ዮርክ ሠፈሮች አውጥቶ በዚያ ዘመን ገበያውን ወደ ተቆጣጠሩት የጄምስ ቦንድ ፊልሞች ዓይነት ጉዞ ላከው።

ታሪኩ

ሻፍት ከኒው ዮርክ መኖሪያው በማያውቃቸው ሰዎች ታፍኖ ይወሰዳል። ያስያዘው ኤሚር ራሚላ የተባለ አፍሪካዊ ባላባት ነው። ኤሚሩ የሻፍትን ጽናት በኃይለኛ ሙቀትና በዱላ ፍልሚያ ከፈተነ በኋላ ጉዳዩን ይነግረዋል፦ አንድ የወንጀል ቡድን ወጣት አፍሪካውያንን ጥሩ ሥራ ታገኛላችሁ እያለ ወደ ፈረንሳይ ይወስዳል፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ግን ለባርነት የተጠጋ ኑሮ ይጠብቃቸዋል። መረቡን ለመበጠስ ራሱ እንደ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ከተጓዦቹ ጋር የሚቀላቀል ሰው ያስፈልጋል።

ሻፍት በመጀመሪያ አይስማማም። እንደ ጄምስ ቦንድ ያለ ሰላይ ሳይሆን ተራ የግል መርማሪ መሆኑን ይናገራል። በመጨረሻ ግን ይቀበላል። የኤሚሩ ልጅ ዓለሜ ቋንቋና ባህል ታስተምረዋለች፤ ካሜራ የተሸሸገበት ዱላም ይሰጠዋል። ከዚያም የገጠር ሰው መስሎ ወደ ኢትዮጵያ ይገባል። በከተማና በገጠር አልፎ ሐረር ይደርሳል፤ ከሌሎች ሥራ ፈላጊዎች ጋር ከቀይ ባሕር ወደብ በመርከብ ወደ አውሮፓ ይጓዛል።

የቡድኑ መሪ አማፊ ሻፍት እንደሚመጣ ቀደም ብሎ ሰምቷል፤ ስለዚህ ግድያ እየተሞከረበት ነው የሚጓዘው። በመንገዱ የአማፊ ወዳጅ የሆነች ጃዛር የተባለች ሴት ትገጥመዋለች። ፓሪስ ሲደርስ ሠራተኞቹ በተጨናነቀና በቆሸሸ ቤት ታጉረው የሚኖሩበትን ሁኔታ ያያል። የመጨረሻው ግጭት የሚካሄደው በአማፊ ቤተ መንግሥት መሰል መኖሪያ ውስጥ ነው።

ተዋንያን

ሪቻርድ ራውንድትሪ — ጆን ሻፍት
ፍራንክ ፊንሌይ — አማፊ
ቮኔታ ማጊ — ዓለሜ
ኔዳ አርኔሪች — ጃዛር
ደበበ እሸቱ — ዋሳ
ሳይ ግራንት — ኤሚር ራሚላ
ማርን ሜይትላንድ — ኮሎኔል ጎንደር
ስፒሮስ ፎካስ — ሳሳሪ
ዣክ ኤርሊን — ፔሮ

ከኢትዮጵያውያን ተዋንያን ዘነበች ታደሰም በአነስተኛ ሚና ተሳትፋለች።

ደበበ እሸቱ በቲያትር መድረክ፣ በትርጉም ሥራና በሬዲዮ የሚታወቅ ሲሆን የቲያትር ትምህርቱን በሀንጋሪ ተከታትሏል። ከሻፍት ፊልም ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የባዚ ጌጤ የእስራኤል ፊልም «ቀይ ቅጠሎች» ውስጥ ባለቤቱ የሞተችበትን አዛውንት ቤተ እስራኤላዊ በመሪ ተዋናይነት ተጫውቷል። ሁለቱ ፊልሞች ኢትዮጵያዊ ተዋናይ በውጭ ፊልም የሚሰጠው ቦታ ምን ያህል ሊለያይ እንደሚችል ያሳያሉ። በመጀመሪያው የሌላ ሰው ጀብዱ አካል ነው፤ በሁለተኛው ታሪኩ ሁሉ በእሱ ላይ ቆሟል።

አሠራርና የቀረጻ ቦታዎች

አዘጋጁ ጆን ጊለርሚን እንግሊዛዊ ሲሆን በትልልቅ የድርጊት ትዕይንቶች ይታወቃል። ከዚህ ፊልም በኋላ «ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ» (1974 እ.ኤ.አ.) እና «ኪንግ ኮንግ» (1976 እ.ኤ.አ.) የተባሉትን ፊልሞች አዘጋጅቷል። ደራሲው ስተርሊንግ ሲሊፋንት «ኢን ዘ ሂት ኦቭ ዘ ናይት» ለተባለው ፊልም ድርሰቱ ኦስካር ያገኘ ባለሙያ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች በተለየ፣ በሦስተኛው ጎርደን ፓርክስ አዘጋጅ አልነበረም፤ ታይዲማንም ድርሰቱን አልጻፈም።

ቀረጻው ከኢትዮጵያ ሌላ በፓሪስና በስፔንም ተካሂዷል። በኢትዮጵያ ከተመረጡት ቦታዎች ሦስቱ በመልክ እጅግ የተለያዩ ናቸው። አዲስ አበባ በደጋ ላይ የምትገኝ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ የሆነችና ዘመናዊ ሕንጻዎች እየበዙባት የነበረች ዋና ከተማ ነበረች። ሐረር በጀጎል ግንብ የታጠረች፣ ጠባብ መንገዶችና በኖራ የተለቀለቁ ግድግዳዎች ያሏት ጥንታዊ ከተማ ናት። ምጽዋ ደግሞ የቱርክና የግብጽ ዘመን የሕንጻ አሻራ ያረፈባት የቀይ ባሕር ወደብ ስትሆን፣ በወቅቱ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ ዛሬ በኤርትራ ትገኛለች። ለሰፊ ስክሪን ለሚቀርጽ ካሜራ የደጋው ሜዳ፣ የሐረር ግንብና የባሕሩ ዳርቻ በአንድ አገር ውስጥ መገኘታቸው ትልቅ ዕድል ነበር።

ከታሪክ ይልቅ መልክ

ፊልሙን የሚያይ ሰው በታሪኩ ላይ ብዙ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። የአካባቢውን ቋንቋ የማይናገር የኒው ዮርክ ሰው በአጭር ሥልጠና ብቻ ከኢትዮጵያ ገጠር እንደመጣ ሠራተኛ ሊታይ የሚችለው እንዴት ነው? ኤሚሩ ከገዛ ሰዎቹ መካከል ለዚህ የሚሆን አንድ ሰው እንኳ ለምን አጣ? ጠላቶቹስ የሻፍትን መምጣት ካወቁ፣ ማንነትን መደበቅ የተባለው ዕቅድ ምን ትርጉም ቀረው? ፊልሙ እነዚህን ለመመለስ አይደክምም። አንዱ ፍልሚያ ሳያልቅ ወደ ሌላ ቦታ ይሻገራል፤ ተመልካቹም ከቀደመው ጥያቄ ይልቅ አዲሱን ቦታ እንዲያይ ይጋበዛል።

ይህ አካሄድ በስለላ ፊልሞች ዘንድ የተለመደ ነው። የጄምስ ቦንድ ፊልሞች ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ቀመር አጽንተው ነበር፦ በየፊልሙ አዳዲስ አገሮች፣ ያማረ ልብስ፣ የተሸሸገ መሣሪያ ያለው ዕቃ፣ ቆንጆ ሴቶችና በተንደላቀቀ ቤት የሚኖር ጠላት። ሻፍት ኢን አፍሪካ እነዚህን ሁሉ ይዟል። ልዩነቱ በጀግናው ላይ ነው። ቦንድ የአንድ ኃያል መንግሥት ሰላይ ሲሆን፣ ሻፍት ግን የማንም መንግሥት ሰው አይደለም፤ የሚጠራውም አፍሪካዊ ባላባት ነው። ጠላቱ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ተቀምጦ ከአፍሪካ ጉልበት የሚበለጽግ ሰው ነው። በዚህ ረገድ ፊልሙ የቦንድን ቀመር ወስዶ አቅጣጫውን ገልብጦታል።

ከዕቃዎቹ መካከል በደንብ የታሰበበት ዱላው ነው። የቦንድ ዓይነት የእጅ ሰዓት ወይም ልዩ መኪና በኢትዮጵያ ገጠር መንገድ ላይ ወዲያውኑ ዓይን ይስብ ነበር። ዱላ ግን ከመንገደኛ፣ ከእረኛና ከገበያተኛ እጅ የማይጠፋ ነገር ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። ዱላው በፊልሙ መጀመሪያ ለፍልሚያ ፈተና፣ በኋላም ለስለላ ስለሚያገለግል የተለያዩ ትዕይንቶችን ያያይዛል።

አለባበሱም ራሱን የቻለ ትርጉም አለው። የሻፍት መለያ የነበረው የቆዳ ካፖርት በዚህ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ለገጠር ሰው ልብስ ይለቃል። ጀግናው ከዝነኛ መልኩ ቢወጣም ካሜራው በአቋሙና በአረማመዱ ላይ ያለው ትኩረት አይቀንስም። ይህም ለፊልሙ ውበት ሲሆን ለታሪኩ ድክመት ነው፤ ተደብቋል የተባለው ሰው በየትዕይንቱ ከሁሉም ጎልቶ ይታያልና።

የኢትዮጵያ ሥዕል

ፊልሙ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢቀረጽም ስለ ኢትዮጵያ ያለው ዕውቀት ጥልቅ አይደለም። «ኤሚር» የሚለው ማዕረግ በሐረር ታሪክ የታወቀ ነው፤ ሐረር እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ በራሷ ኤሚሮች ትተዳደር ነበር። በፊልሙ ውስጥ ያለው ኤሚር ግን ከዚህ ታሪክ ጋር የማይገናኝ ምናባዊ ሰው ነው። የኮሎኔሉ ስም «ጎንደር» ሲሆን የቦታ ስም ለሰው መሰጠቱን ኢትዮጵያዊ ተመልካች ወዲያው ያስተውላል። ስሞቹ፣ ልብሶቹና ልማዶቹ ከተለያየ ቦታ ተለቃቅመው አንድ «አፍሪካ» ለመፍጠር ውለዋል።

በተዋንያን ምርጫም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ኤሚሩን የተጫወተው ሳይ ግራንት በጉያና የተወለደ የብሪታንያ ተዋናይና ዘፋኝ ነው። ኮሎኔል ጎንደርን የተጫወተው ማርን ሜይትላንድ ሕንድ ውስጥ የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። ዓለሜን የተጫወተችው ቮኔታ ማጊ አሜሪካዊት ናት። ከታወቁት ሚናዎች መካከል ለኢትዮጵያዊ የተሰጠው የደበበ እሸቱ ነው።

በዓለሜ ታሪክ ውስጥ የሴት ልጅ ግርዛት ይነሣል። ዓለሜ እንደ ወገኖቿ ልማድ ልትገረዝ የተዘጋጀች ሲሆን፣ ከሻፍት ጋር ከተቀራረበች በኋላ ሐሳቧን ትለውጣለች። በ1965 ዓ.ም. ይህን ጉዳይ በንግድ ፊልም ውስጥ ማንሣት ያልተለመደ ነበር። አቀራረቡ ግን ተተችቷል፤ ጉዳዩ የልጅቷ ጤናና መብት ሳይሆን የጀግናው ማራኪነት ማሳያ ሆኗልና። በኢትዮጵያ ድርጊቱ በግልጽ ወንጀል የሆነው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 እና 566 ነው።

በሌላ በኩል ፊልሙ ሳያስበው የታሪክ ማስረጃ ሆኗል። ለዕይታ ከበቃ ከስምንት ወር ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. መጀመሪያም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አከተመ። የምጽዋ አሮጌ ከተማ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነትና ከዚያ በተከተለው የአየር ድብደባ ክፉኛ ተጎድቷል። የሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እነዚህ ቦታዎች ከእነዚያ ለውጦች በፊት የነበራቸውን ገጽታ በቀለም ፊልም ማየት ለታሪክና ለሥነ ሕንጻ ተማሪዎች ጠቃሚ ነው።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ፊልም መሥራት ጀምረው ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ሙሉ ርዝመት ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ተሠርቷል። ከሻፍት ፊልም ጥቂት ዓመት በኋላ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በጥቁርና ነጭ ሠራ። ሁለቱን ማነጻጸር ያስተምራል። በሻፍት ፊልም ገጠሩ ጀግናው የሚያልፍበት ውብ ሥፍራ ነው። በኃይሌ ፊልም ግን ገጠሩ ጭሰኛው የሚያርሰው፣ ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚቆጣጠረው መሬት ነው።

ሙዚቃ

የማጀቢያ ሙዚቃው ደራሲ ጆኒ ፔት «ሱፐርፍላይ» ለተባለው ዝነኛ ፊልም የከርቲስ ሜይፊልድን ሙዚቃ ያቀናበረ ባለሙያ ነው። የፊልሙን ዋና ዘፈን «አር ዩ ማን ኢናፍ»ን የዘፈኑት ፎር ቶፕስ ሲሆኑ፣ ዘፈኑ በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከፍተኛ ተቀባይነት ካገኙት 20 ዘፈኖች መካከል ገብቶ ነበር።

በአልበሙ ውስጥ ካሉት ቅንብሮች አንዱ «ሻፍት ኢን አፍሪካ (አዲስ)» ይባላል። ስሙ የአዲስ አበባን ቢያነሣም ሙዚቃው በነፋስ መሣሪያዎች የደመቀ የአሜሪካ ፈንክ ነው። ይኸው ቅንብር ከ33 ዓመት በኋላ እንደገና በዓለም ተሰማ፤ ራፐሩ ጄይ ዚ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሾው ሚ ዋት ዩ ጎት» ዘፈን ውስጥ ፕሮዲውሰሩ ጀስት ብሌዝ በናሙናነት ተጠቅሞበታል። ናሙና መውሰድ ማለት ከቀድሞ ቅጂ ትንሽ ድምፅ ቆርጦ በመደጋገም ለአዲስ ዘፈን መሠረት ማድረግ ነው። በዚህ መንገድ ፊልሙን ያላዩ ብዙ ወጣቶች ሙዚቃውን ሰምተዋል።

በፊልሙ ዘመን አዲስ አበባ የራሷ የሙዚቃ አብዮት ላይ ነበረች። አምኃ እሸቴ ያቋቋመው አምኃ ሪከርድስ የዘመኑን ድምፃውያን በሸክላ እያሳተመ ነበር፤ ሙላቱ አስታጥቄም «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም በ1972 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። በዚያ አልበም ውስጥ የኢትዮጵያ ቅኝትና የአሜሪካ ጃዝ ተዋሕደዋል። የሻፍት ፊልም ማጀቢያ ግን ከዚህ ምንጭ አልቀዳም።

የሰዎች ዝውውር፦ ፊልሙና እውነታው

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ስትገባ ከገባቻቸው ግዴታዎች አንዱ ባርነትን ማጥፋት ነበር፤ ባርነትን የሚሽረው አዋጅ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ወጥቷል። ፊልሙ የሚያሳየው ግን ያንን የቆየ የባሪያ ንግድ አይደለም። የሚያሳየው ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ ለሥራ ብሎ ተነሥቶ የሚወድቅበትን ወጥመድ ነው። ይህ ከእውነታው የራቀ አልነበረም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከማሊ፣ ከሴኔጋልና ከሞሪታንያ የሄዱ ብዙ ሠራተኞች በፓሪስና በዙሪያዋ በተጨናነቁ ማደሪያዎች ይኖሩ ነበር። በጥር 1970 እ.ኤ.አ. ኦበርቪሊዬ በተባለው የፓሪስ ዳርቻ አምስት አፍሪካውያን ሠራተኞች በማደሪያቸው ብርድ ለመከላከል ባነደዱት ጭስ ታፍነው መሞታቸው በፈረንሳይ ብዙ ቁጣ ቀስቅሷል።

በአዲስ አበባ የዚህ ታሪክ ተመሳሳይ መነሻ የሚገኘው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ መርካቶ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ለአገሬው ሕዝብ የተለየ የገበያ ሠፈር ካደረጉት ወዲህ መርካቶ የአገሪቱ ዋና የንግድ ማዕከል ሆነ። ከክፍለ አገር የሚመጡ አውቶቡሶች መናኸሪያ የሆነው አውቶቡስ ተራም እዚያው ነው። ሻፍት በፊልሙ የሚመስለው ሰው፣ ማለትም ጥቅሉን ይዞ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የሚመጣ ወጣት፣ በመርካቶ የዕለት ተዕለት ሰው ነው። ከአውቶቡስ እንደወረደ ዘመድ ካላገኘ ተሸካሚነት ወይም ሊስትሮነት ይጀምራል፤ ቀን ከወጣለት ወደ ንግድ ይሻገራል። ከዚያ ርቆ መሄድ የፈለገ ደግሞ በደላላ እጅ ይወድቃል።

በፊልሙ ሥራ ፈላጊዎቹ ከሐረር ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳሉ። በዘመናችን የታወቁት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ በጅቡቲ ኦቦክ በኩል ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳንና ሊቢያ፣ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያና ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በሰው የመነገድና ስደተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ የማሸጋገር ወንጀልን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 909/2007 አወጣች፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተተክቷል።

ፊልሙና እውነታው በአንድ ትልቅ ነገር ይለያያሉ። በፊልሙ ወንጀሉ የአንድ ክፉ ሰው ሥራ ስለሆነ ሰውየው ሲሸነፍ ነገሩ ያበቃል። በእውነታው መረቡ ብዙ እጅ አለበት፦ በሠፈር የሚታወቅ ደላላ፣ ገንዘብ የሚያበድር ዘመድ፣ ድንበር የሚያሻግር ሹፌር፣ ርካሽ ጉልበት የሚፈልግ አሠሪ። ከእነዚህ አንዱ ቢያዝ ሌላው ቦታውን ይተካል። በፊልሙ ውስጥ ሌላው የጎደለ ነገር የተጓዦቹ ድምፅ ነው። ሠራተኞቹ በቡድን ይታያሉ፣ ይሠቃያሉ፣ ነፃ ይወጣሉ፤ ከየት እንደመጡ፣ ማንን ጥለው እንደሄዱና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆኑ ግን ተመልካቹ እምብዛም አይሰማም።

አቀባበልና ውርስ

ፊልሙ እንደ መጀመሪያው «ሻፍት» ገቢ አላስገኘም። ተቺዎችም በሁለት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ በፍጥነቱና በሰፊው ዓለም አቀፍ ትዕይንቱ ረኩ። ሌሎች ሻፍትን ሻፍት ያደረገው የኒው ዮርክ ጎዳና ስለነበር ከዚያ ሲወጣ የቦንድ ቅጂ ሆነ አሉ። ከዚህ በኋላ ገጸ ባህርዩ ወደ ቴሌቪዥን ተዛወረ፤ በ1973 እና 1974 እ.ኤ.አ. በሲ.ቢ.ኤስ. ሰባት ክፍሎች ከታዩ በኋላ ተቋረጠ። በ2000 እና በ2019 እ.ኤ.አ. አዳዲስ የሻፍት ፊልሞች የወጡ ሲሆን ራውንድትሪ በሁለቱም ተሳትፏል። ተዋናዩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. (2023 እ.ኤ.አ.) አርፏል።

ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ሌላ ለመልክ ያደላ የስለላ ፊልም የተሠራው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስፔናዊው አዘጋጅ ሚጌል ያንሶ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው የሚወስደውን መንገድ ያሳይሃል» በተባለ እንግዳ ፊልም ውስጥ ኢትዮጵያዊው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ የሲ.አይ.ኤ. ሰላይ ሆኖ በመሪነት ተጫውቷል። ሰላዩ የሚዋጋው «ሶቪየት ኅብረት» ከተባለ የኮምፒውተር ቫይረስ ጋር ሲሆን፣ በምናባዊው ዓለም ውስጥ ያሉት ሰዎች የታዋቂ ሰዎችን ፎቶ እንደ ጭምብል ያጠልቃሉ። ይህም ፊልም ከታሪኩ ይልቅ በምስሉ ይታወሳል። በ1965ቱ ፊልም ኢትዮጵያዊ የመሰለው አሜሪካዊ ነበር፤ በዚህኛው አሜሪካዊውን ሰላይ የሚጫወተው ኢትዮጵያዊ ነው።

ደግሞ ይዩ

ደበበ እሸቱ
የኢትዮጵያ ሲኒማ
ሂሩት አባቷ ማነው
ኃይሌ ገሪማ
ሐረር
ምጽዋ
መርካቶ
ጄምስ ቦንድ